ሠላሳ ዘጠኝ ጥርስ

ጡረታ ስወጣ ለራሴ የማልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ስለ ብረት አላወራም። ሠላሳ አንድ ዓመት የከባድ መኪና መለዋወጫ ግምጃ ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ ጠዋት ማታ ግሪስ የነካው እጅ ፊቴ እየተዘረጋ «የሺ፣ ኩሽኔታ! የሺ፣ ጎሚኒ! ኧረ የሺ ቶሎ በይ!» ሲሉኝ ኖሬያለሁ። ይበቃል። ፉሪ ባለችኝ ግቢ ጎመኔን እየኮተኮትኩ ዝም ብዬ እኖራለሁ አልኩ።

ሰው ግን መች ይተዋል! ሰበታ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ አለ። እዚያ የምታስተምር ሄለን የምትባል ልጅ ባለፈው ክረምት ቤቴ ድረስ መጣች። «እትዬ የሺ፣ ለጀማሪ ሠልጣኞች መሠረታዊ ቃላት ይጻፉልን። ስለ ጋቢናና ስለ ዲፈረንሻል ብቻ። ጋራዥ ሲገቡ መካኒኩ የሚለው ነገር ግራ እንዳይገባቸው ነው። አንድ ገጽ ይበቃል» አለችኝ። አንድ ገጽ! ሳቄ መጣ። ልጅቷ ግን ሰው አክባሪ ናት፤ እምቢ ማለት አቃተኝና እስክሪብቶ አነሳሁ።

«ጋቢና» ብዬ ጀመርኩ። «ሾፌሩ የሚቀመጥበት ክፍል። ሞተሩ ከፊት የወጣ፣ አፍንጫ ያለው አለ። ግንባሩ ጠፍጣፋ የሆነም አለ፤ እሱ ሞተሩ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ሞተሩን ለመጠገን ጋቢናው እንዳለ ወደ ፊት ይገለበጣል። ከወንበሩ ኋላ አልጋ ያለው ለሩቅ መንገድ ነው።» ጥሩ ሄደልኝ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ እያልኩ ወረድኩ። ከዚያ «ፎሌ» የሚለው ቃል ላይ ደረስኩ።

«ፎሌ፤ ማርሽ ዜሮ ማለት ነው። ሞተሩ ጎማውን ሳይዝ መኪናው በገዛ ክብደቱ ሲወርድ ሾፌሩ ፎሌ ለቀቀ ይባላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለት ላይ ፎሌ የሚለቁ አሉ፤ ከባድ መኪና ላይ ግን ይሄ ሰው መግደል ነው» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ሱሉልታ ውስጥ በዚህ ቃል የሚጠራ ሰው አለ። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ገመዳ ነው። ኦቦ ገመዳ አንድም ቀን ፎሌ ለቀው አያውቁም። ይሄን እኔ አውቃለሁ፤ ባውቅም ሰባት ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ስማቸው ሲጠፋ አየሁ። ስለዚህ የቃላቱን ዝርዝር ትቼ ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ነው። የጭነት ድርጅታችን ሦስት ጋራዥ ነበረው፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ። ስቀጠር ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወጥቼ ብዙ ዓመት ቤት የተቀመጥኩ፣ ቡሎንና ዳዶ የማልለይ ሴት ነበርኩ። ደመወዙ የምትስቁበት ነበርና አልነግራችሁም። ግምጃ ቤቱን የሚይዙት ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ የሰኩ። በመጀመሪያው ቀን «ፊደል ትችያለሽ?» አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። «እሱን ለጊዜው ተይው። መቁጠርስ?» አሉኝ።

ጋሽ ወርቁ ዕቃ በስም አይሰጡም። መካኒክ መጥቶ «ኮሮና ስጡኝ» ቢል፣ «አሮጌው የታለ?» ይሉታል። «ጋሽዬ፣ የዚያችኛዋ መኪና እኮ ነው፣ ያውቋታል።» «አሮጌው የታለ?» ሰውየው እየተሳደበ ሄዶ የተሰበረውን ብረት ዘይቱ እየተንጠባጠበ ያመጣል። እሳቸው ደግሞ አይቸኩሉም። ብረቱን ባንኮው ላይ ያስቀምጡና ከዙሪያው ጥርሶች አንዱን በጠመኔ ምልክት አድርገው ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ከዚያ ጠመኔውን ለእኔ ሰጥተው እንደገና ያስቆጥሩኛል። አዲሱንም እንዲሁ። ሁለቱ ቁጥር ሲገጥም የመኪናውን የጎን ቁጥር በቁጥር መምቻ በመዶሻ አዲሱ ብረት ጠርዝ ላይ ይመቱታል። ዕቃው የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስንቱ ኃላፊ «ሥራ አጓተቱ» ብሎ ከሷቸዋል መሰላችሁ! ቅጣት ሲጽፉባቸው ፈርመው ተቀብለው፣ በማግሥቱ «አሮጌው የታለ?» ይላሉ።

ይህን ሁሉ ለምን እንደሚያደርጉ የገባኝ ስለ ዲፈረንሻል ያስረዱኝ ቀን ነው። የእኛ መኪኖች ከኋላ ሁለት ዲፈረንሻል አላቸው። ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ የላከውን ኃይል ሁለቱ ተካፍለው የኋላዎቹን ስምንት ጎማዎች ይገፋሉ። በእያንዳንዱ ሆድ ውስጥ አንድ ትልቅ ባለጥርስ ቀለበት አለ፤ ኮሮና ይባላል። እሱን የሚያዞረው ትንሹ ባለጥርስ ፒኞን ነው። የፊተኛው ኮሮና ሠላሳ ሰባት ጥርስ ካለው የኋለኛውም ሠላሳ ሰባት መሆን አለበት። «ካልሆነስ?» አልኳቸው።

«ካልሆነማ አንዱ እሮጣለሁ ሲል ሌላው ቀስ እላለሁ ይላል። አንድ ቀንበር ላይ እርምጃቸው የማይገጥም ሁለት በሬ ጠምደሽ ታውቂያለሽ? በመሃላቸው ኃይል የሚያካፍል ጊርስ አለ፤ ጠቡን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው። ይግላል፤ ዘይቱን ያቃጥላል፤ አንድ ቀን ይበጠሳል። ከተበጠሰ ሞተሩ ብቻውን ይጮሃል፣ ጎማው ብቻውን ይሄዳል። ሾፌሩ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እንኳ ምንም የሚይዘው ነገር የለም» አሉኝ። «ቁልቁለት ላይ ከሆነስ?» ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና፣ «ቁጠሪ ያልኩሽ ለዚህ ነው» አሉኝ።

ጋሽ ወርቁ ጡረታ ሲወጡ ጠመኔያቸውን ለእኔ ትተው ወጡ። እኔ ወደ ቡራዩ ተዛወርኩ። የቡራዩ ዓመቶቼ ብዙ ናቸው፤ አምስት ኃላፊ ተቀያይሮብኛል፣ ሁለቱን ስማቸውንም አላስታውስም። አንድ ቀን ግን አልረሳም።

ታምሩ የሚባል የወላይታ ልጅ ነበር፤ ጎበዝ መካኒክ፣ አፉ ላይ «ጌታ ይባርክሽ» የማይጠፋ። ጠፍጣፋ ግንባር ያላት መኪና ጋቢና ተገልብጦ እሱ ከሥር ገብቶ ይሠራል። ጓደኛው ወደ እኔ ሮጦ መጥቶ «የጋቢና ማንሻ ፓምፕ ጎሚኒ፣ ማፈኛ ላስቲኩን ስጪን፣ ዘይት እያንጠባጠበ ነው» አለኝ። «አሮጌው የታለ?» አልኩ። «ምን አሮጌው ትያለሽ፣ ጋቢናው እኮ አሁን ተነሥቷል፣ ታምሩ ከሥሩ ነው!» አለኝ። ዘይት እያንጠባጠበ? ሰው ከሥር? እግሬ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። ስደርስ ያ ሁሉ ክብደት በሚያፈስ ማንሻ ብቻ ቆሟል፤ የሚደግፈውን የብረት ዘንግ ያስገባ የለም። «ታምሩ ውጣ!» ብዬ ጮኽኩ። «አንዴ የሺዬ፣ አንድ ቡሎን ብቻ ቀረኝ» ይለኛል! ሱሪውን ይዤ ጎተትኩት። እያጉረመረመ ተነሥቶ አፈሩን ሲያራግፍ ጋቢናው ከኋላው ወረደ። የወረደበት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ታምሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ብዙ አለቀሰ፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ገነነ። ታምሩ በሄደበት ሁሉ «ከየሺ እጅ የወጣ ዕቃ አይቆጠርም» ማለት ጀመረ፤ ትክክል ነው፣ ደግማችሁ አትቁጠሩት ማለቱ ነው። ሌሎቹም ያዙት። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ! ሴት ልጅ ምን ታውቃለች ሲሉኝ የኖሩ ወንዶች ፊት እንዲህ መባል ቀላል ነገር አልነበረም። ልቤ አበጠ። ያ ወሬ ራሱ አደጋ እንደሆነ ግን አልታየኝም። መቁጠር ሁለት ሰው ይፈልጋል ብለው ነበር ጋሽ ወርቁ። የሁለተኛውን ሰው ዓይን ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

በመጨረሻ ሱሉልታ ተመደብኩ፤ ታምሩም ቀድሞኝ እዚያ ነበር። የጥገና ኃላፊው ሰለሞን ይባላል። ሥራ ላይ ሳለሁ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ አንተ እለዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚቸኩል ሰው ነበር፤ በእኛ ሥራ ደግሞ ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ሾፌሮቹን ሁሉ አውቃቸው ነበር፤ የማከብራቸው ግን ኦቦ ገመዳን ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያወሩ የማይቸኩሉ። ጋቢናቸው ከሰው ሳሎን ይበልጥ ንጹሕ ነው። የመንገድ ጫማቸውን ከወንበሩ ኋላ አስቀምጠው፣ ለጋቢና ብቻ የሚያደርጉት ነጠላ ጫማ ነበራቸው። «ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚህ ቤት ነው፣ እንዴት በጭቃ እገባለሁ?» ይሉ ነበር።

አንድ ዓርብ የኦቦ ገመዳ መኪና የኋለኛው ዲፈረንሻል ተሰብሮ መንገድ ላይ ቆመ። ሰለሞን ታምሩን መሣሪያ አስይዞ ወደዚያው ሊልከው ነው። ግምጃ ቤት ገባና፣ «የሺ፣ ኮሮና ከነፒኞኑ አውጪ። መኪናው ነገ ሲሚንቶ ይጭናል፣ ውል አለብን» አለኝ።

«አሮጌው የታለ?» አልኩ።

«አሮጌውማ መኪናው ሆድ ውስጥ ነው! እዚያ ሄዶ ፈትቶ፣ ተመልሶ አምጥቶ፣ እንደገና ሊሄድ ነው? እንዴ የሺ! ካርቶኑ ላይ የመኪናው ዓይነት ተጽፏል እኮ። ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ተሳስተሽ አታውቂም» አለኝ። ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት የጎዳችኝ። ካርቶኑን አየሁ፤ ዓይነቱ ያው ነው። መጠኑም ለዓይን ያው ነው። ቁጥር መምቻዬን አንሥቼ የመኪናውን ቁጥር ጠርዙ ላይ መታሁ፤ ያንን እንኳ አልረሳሁም። አልቆጠርኩም ግን። ከምን ጋር ላመሳክረው ብዬ ነው? ታምሩም ተቀብሎኝ ሄደና ገጠመው። ከየሺ እጅ የወጣ ነዋ፣ አልቆጠረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኦቦ ገመዳ ግምጃ ቤቱ መስኮት ላይ መጡ። «አከም ጅርታ፣ የሺ» አሉኝ። «ፈያ፣ ኦቦ ገመዳ። ምን ልታዘዝ?» «ይህች መኪና ከተሠራች ወዲህ ትታገለኛለች። አስፋልት ላይ ከኋላ አንድ ነገር ይጎትተኛል። እጄን ባስጠጋ ያቃጥላል። ዘይቱም ያረረ ያረረ ይላል። ያ ኮሮና ትክክል ነው?»

ያኔ ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ የመለዋወጫ መዝገቡን ከፍቶ ማየት፣ ወይም ታምሩን ጠርቶ ክፈተው ማለት። አንድ ቀን ሥራ ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁ። እውነቴን ነው፣ ደፈሩኝ ብዬ ተቆጣሁ! «ኦቦ ገመዳ፣ ቆጥሬ ነው የሰጠሁት። ከእኔ እጅ የተሳሳተ ዕቃ ወጥቶ ያውቃል?» አልኳቸው። ዋሸሁ። እሳቸውም «እንግዲያስ ሌላ ነገር ነው» ብለው ሄዱ። አመኑኝ።

ከስድስት ቀን በኋላ ሲሚንቶ ጭነው ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደውን ቁልቁለት ሲጀምሩ መኪናው ከኋላ ጓ አለ። ሞተሩ ብቻውን ጮኸ፤ መኪናው ግን ፈጠነ። ፍሬኑን ያዙ፤ ያን ሁሉ ጭነት ፍሬን ብቻውን ለጥቂት ጊዜ ነው የሚችለው፣ ጋለና ለቀቀ። ከፊታቸው ሰው የሞላ ሚኒባስ አለ። በቀኝ ገደል ነው። ኦቦ ገመዳ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዘው መኪናውን ከተራራው ጋር አጋጩት። ጠፍጣፋ ግንባር ያለው ጋቢና ነው እንግዲህ፤ ከሾፌሩ ጉልበት ፊት ያለው አንድ ላሜራ ብቻ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አንድም ሰው አልተነካም። የኦቦ ገመዳ ግራ እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ። መኪናው ተጎትቶ ሲመጣ ከወንበሩ ኋላ የመንገድ ጫማቸው ጥንድ ሆኖ፣ እንደተወለወለ ተቀምጦ ነበር።

ታምሩ ዲፈረንሻሎቹን ፈታና ከኋለኛው ያወጣውን ኮሮና ባንኮዬ ላይ አኖረው። ጥርሱ በእሳት ሰማያዊ ሆኗል። «የሺዬ፣ የመሃሉ ጊርስ ዱቄት ሆኗል። ምን ነካው?» አለኝና ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ። በሩን ቆልፌ ጠመኔ አነሣሁ። አንዱን ጥርስ ምልክት አድርጌ ቆጠርኩ። ሠላሳ ዘጠኝ። የፊተኛው ሠላሳ ሰባት ነው፤ ተሳስቼ ነው አልኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ ዘጠኝ። በሦስተኛው በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። ጠርዙ ላይ እኔ የመታሁት የመኪናቸው ቁጥር አለ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ወዲያው ሰለሞን በሩን አንኳኳ፤ ተነሥቼ ከፈትኩለት። «ምን ቆለፍሽ? ስሚ፣ ኮሚቴ ሊቀመጥ ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፣ ሽማግሌው ነዳጅ ሊያተርፍ ፎሌ ለቆ ነው። ያንን ብረት ለብረት ለቃሚው ስጪው፣ ቦታ አታጣቢ» አለ። ዓይኑ ኮሮናው ላይ ነበር። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አልሰጠሁትም። መደርደሪያው ሥር አንከባልዬ በጨርቅ ሸፈንኩት።

ኮሚቴው ሲቀመጥ ኦቦ ገመዳ በክራንች መጡ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት የኮሚቴ ሰዎች፣ ሰለሞን፣ ታምሩና እኔ ነን። ሰብሳቢው «ስንተኛ ማርሽ ላይ ነበሩ?» አላቸው። «ሦስተኛ።» «ታዲያ ሞተሩ ለምን አልያዘዎትም?» «ከኋላ ተበጠሰ። ሞተሩ ብቻውን ጮኸ። ከዚያ ወዲያ የሚይዘኝ አልነበረም።» ሰብሳቢው ፈገግ አለ። «ሁሉም ሾፌር ማርሽ ላይ ነበርኩ ነው የሚለው።» ኦቦ ገመዳ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እኔ ሁሉም ሾፌር አይደለሁም» አሉ።

ታምሩን ጠየቁት። «በትክክል ነው የገጠምኩት። ዕቃው ከየሺ ነው የወጣው። ከየሺ እጅ የወጣ አይቆጠርም፣ ጌታ ምስክሬ ነው» አለ። «የመሃሉ ጊርስ ግን ዱቄት ሆኗል» ሲል ሰለሞን «ግጭቱ ነው የሰበረው» ብሎ አቋረጠው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ የሺ፣ የተሰጠው ዕቃ ትክክለኛ ነበር?»

ለጡረታ የቀረኝ ጥቂት ነበር። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ አባቷ የለም። ታምሩም ያኔ ገና ማግባቱ ነው፤ ብናገር አብሮኝ ይወድቃል። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ከሁሉ በላይ ግን፣ እግዜር ያውቃል፣ ያ ስሜ አሳሳኝ። «በወጪ ቫውቸሩ መሠረት ነው የወጣው» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ኦቦ ገመዳ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

ፎሌ ለቀዋል ተብሎ ተወሰነ። ከሥራ ተሰናበቱ፤ መንጃ ፈቃዳቸውም ተያዘ። የሱሉልታ ሾፌር ደግሞ አፉን ታውቁታላችሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ «ኦቦ ፎሌ» አሏቸው። እኔ ኮሮናውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ፣ ለውኃ በርሜል መክደኛ ክብደት ነው ብዬ ዘበኛውን አሳልፌ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ለምን ወሰድሽው ብትሉኝ አላውቅም። መጣል አልቻልኩም፤ መናገርም አልቻልኩም። ሰባት ዓመት በርሜሌ ላይ ተቀመጠ። ውኃ በቀዳሁ ቁጥር አነሣዋለሁ። ጡረታዬን በክብር ወጣሁ፤ በመሸኛዬ ቀን ሰለሞን የምስክር ወረቀት አንብቦልኛል፣ «እንከን የለሽ አገልግሎት» የሚል።

እንግዲህ የሄለን ዝርዝር ላይ እጄ የቆመው ለዚህ ነው። ለጀማሪ ልጆች የፎሌን ትርጉም ጽፌ ልስጥ? በምን አፌ? መጀመሪያ ታምሩ ጋ ደወልኩ፤ ወደ ደቡብ አገሩ ተመልሶ የራሱን ጋራዥ ከፍቷል። ሁሉንም ነገርኩት። «የሺዬ፣ እኔም ጣት ነበረኝ፣ መቁጠር እችል ነበር። ሂጂ ንገሪያቸው። የሚፈረም ካለ እኔም እፈርማለሁ» አለኝ።

በማግሥቱ ኮሮናውን በከረጢት ይዤ ሱሉልታ ወረድኩ። ባጃጅ ያዝኩና «የኦቦ ገመዳን ቤት ታውቃለህ?» አልኩት። «የትኛው ገመዳ?» «ሾፌር የነበሩት፣ በክራንች የሚሄዱት።» «አሃ፣ ፎሌ! ምነው ቶሎ አትይም ማዘር!» አለና ነዳ። እስክንደርስ አንገቴን ቀና አላደረግኩም።

ኦቦ ገመዳ በራቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጸጉራቸው ሁሉ ነጭ ሆኗል። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ እህል እያበጠሩ ነው። ኦቦ ገመዳ አዩኝና ወዲያው አወቁኝ። «የሺ። ነጋ? ሰላም ነሽ?» አሉ። ሰላምታውን ሳልመልስ ከረጢቱን ፈትቼ ኮሮናውን እግራቸው ሥር አኖርኩት። ከቦርሳዬ ጠመኔ አውጥቼ ሰጠኋቸው። «ይቁጠሩት» አልኩ።

መጀመሪያ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ጠረጉና የመታሁትን ቁጥር አነበቡ። የገዛ መኪናቸውን ቁጥር ሰው እንዴት ይረሳል? ከዚያ አንዱን ጥርስ ምልክት አድርገው ጀመሩ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር...» አዴ ጫልቱ ሰፌዱን አስቀመጡ። ኦቦ ገመዳ አልቸኮሉም። ሶዶሚ ቶርባ፣ ሠላሳ ሰባት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፤ ገና ያልተቆጠሩ ሁለት ጥርሶች ቀርተዋል። «ሶዶሚ ሰዴት» አሉ ቀስ ብለው። «ሶዶሚ ሰገል።» ጠመኔውን መሬት ላይ አኖሩት።

«የእኔ ሠላሳ ሰባት ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«ቆጥሬ ነው የሰጠሁት ብለሽኝ ነበር።»

«አልቆጠርኩም ነበር። ዋሸሁዎት። ኮሚቴው ፊትም ሳውቅ ዝም አልኩ። ብረቱን ሰባት ዓመት የውኃ በርሜሌ ላይ አስቀመጥኩት። ኦቦ ገመዳ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክራንቻቸው ከለከሉኝ።

አዴ ጫልቱ ተነሡ። «ሰባት ዓመት!» አሉኝ። «ልጄ የፎሌ ልጅ እየተባለ ነው ትምህርት የጨረሰው። እኔ ገበያ ላይ የፎሌ ሚስት ነኝ። ይህን ብረት ይዘሽ ሰባት ዓመት ውኃ ትጠጪበት ነበር?» ቆሜ አለቀስኩ። ማንም አላባበለኝም፤ ልክ ናቸው።

ከዚያ ኦቦ ገመዳ ተናገሩ። «ለእግሬ አይደለም የማዝነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሕፃናት ነበሩ፤ እነሱ ተርፈዋል፣ እግሬ ለእነሱ ይሁን። እኔን የበላኝ ሌላ ነው። ሌት ተቀን፣ ምናልባት እጄ ማርሹን አውጥቶት ይሆን እንዴ እያልኩ ራሴን ስጠረጥር ኖርኩ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲልሽ ራስሽን ትጠረጥሪያለሽ። የሺ፣ ይቅርታሽን እኔ ምን ላድርገው? እሱን ከዋቃ፣ ከፈጣሪሽ ጋር ተነጋገሪ። ለእኔ ጻፊልኝ። በስምሽ፣ በስሜ ጻፊው።»

ለድርጅቱ ጻፍኩ፤ ታምሩም ፈርሞ ላከ። ደብዳቤውን ተቀብለውኛል፣ መልሱ ገና ነው። ስለ ጡረታዬ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ የሚሉትን ይበሉ። ኮሮናውን ኦቦ ገመዳ አስቀርተውታል። በራቸው ላይ፣ ዱካቸው አጠገብ ተቀምጧል፤ ጠመኔም አለ። ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ያ ባጃጅ ነጂ «ኦቦ ፎሌ» ብሎ ሲያልፍ አስቁመው እንዳስቆጠሩት ነገሩኝ። «ስንት አለ?» አልኳቸው። «ሠላሳ ዘጠኝ። ሦስቴ ነው ያስቆጠርኩት» አሉኝ። ስልኩንም ወዲያው አልዘጉትም።

ዝርዝሩን ለሄለን ትናንት ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ፣ «እትዬ፣ የቃላት ትርጉም ላይ የሰው ስም አይገባም እኮ» አለችኝ። «ይሄኛው ይገባል። ከወጣ ሙሉው ይውጣ፤ አንዲት መስመር ብታወጪ መልሺልኝ» አልኳት። ዓይኔን አይታ ወረቀቱን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የመጨረሻው ቃል እንዲህ ይላል።

«ፎሌ፤ ማርሽ ዜሮ። ሞተሩ ጎማውን ሳይዝ መኪናው በገዛ ክብደቱ ሲወርድ። የዲፈረንሻል ጊርስ ከተበጠሰ ግን ማርሽ ውስጥ ያለ መኪናም እንዲሁ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሳትቆጥሩ በሾፌር አትፍረዱ። የሱሉልታው ሾፌር ኦቦ ገመዳ ፎሌ አልለቀቁም። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበሩ። የሚገባቸው ኮሮና ሠላሳ ሰባት ጥርስ ነበረው፤ የተሰጣቸው ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ሳልቆጥር የሰጠሁት እኔ የሺ ነኝ።»